ከጉና ጀርባ ያለው ሐይቅ

በረዶው የጉና ተራራ ወገብ ላይ ያዛቸው። ኑሪያ ጃኬቷን በሻሿ ላይ ስባ ሮጠች፤ ፋንታው ከኋላዋ «ወደ ቋጥኙ!» እያሉ ተጣሩ።

ፋንታው ሥልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በጉልምስናቸው የጉናን ደን ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ኑሪያ ከሪያድ ከተመለሰች ስምንት ወሯ ነው። እዚያ ሦስት ዓመት የሠራችበት ቤት ከውጭ ይቆለፍ ነበር። ደብረ ታቦር ተመልሳም በወንድሟ በሐምዛ ሱቅ አንድ ሰዓት መቀመጥ አቃታት። በየቀኑ እስከ ጋፋት በእግሯ ትሄዳለች። እዚያ መንገድ ላይ ነው ፋንታው ከተራራው ጀርባ ስላለች ትንሽ ሐይቅ ያጫወቷት፤ ድሮ አንድ ሰው ዓሣ ለቆባት ነበር፣ ይኑር አይኑር ግን የሚያውቅ የለም። በሳምንቱ መንጠቆና ክር ይዛ በራቸው ላይ ቆመች።

ቋጥኙ ሥር ዋሻ አለ። ገና አንገታቸውን ሲያስገቡ ከጨለማው የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ። ግልገሎቿን ከኋላዋ ያደረገች ጅብ ነበረች።

«እንዳትሮጪ» አሉ ፋንታው ዝግ ብለው። «ፊትሽን ሳታዞሪ ወደ ኋላ ሂጂ።»

በረዶው ጀርባቸውን እየቀጠቀጠ አንድ አንድ እርምጃ አፈገፈጉ። ፋንታው አዳለጣቸው፤ ኑሪያ ክንዳቸውን ለቀም አድርጋ ያዘች። ጅቧ ጥቂት ተከተለቻቸውና ቆመች።

«ልጄ፣ እንመለስ ይሆን?»

«አንቱ ከደከመዎ እዚህ ይጠብቁኝ። እኔ አልመለስም።»

ፋንታው ዱላቸውን አንስተው ቀደሟት።

ቀትር ሲያልፍ ሰማዩ ጠራ። ጋራውን ሲዞሩ ሐይቋ ከታች ታየች፤ ጠቆር ያለች፣ ዙሪያዋን ጅብራ የበቀለባት። ዳር ላይ ሁለት ወጣቶች ጆንያ ይፈታሉ።

«ምንድን ነው?» አለች ኑሪያ ቁልቁል ወርዳ።

«የብርብራ ዱቄት» አለ ረጅሙ፣ ይሻው የሚባለው። «ውሃው ላይ ስንበትነው ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ከዚያ መልቀም ነው።»

«ጫጩቱ ሳይቀር ያልቃል እኮ።»

«ይለቅ። እኛ ነገ በመተማ አድርገን ከአገር እንወጣለን፤ ስንቅ ነው የምንፈልገው።»

ኑሪያ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ይሻው ተነሺ አላት፤ አልተነሳችም። በዱላው ትከሻዋን መታት። ፋንታው ሊደርሱ ሲንደረደሩ ጓደኛው ደምሴ ቀድሞ ዱላውን ነጠቀው።

«ሴት ልጅ ትመታለህ?»

ይሻው ሁለቱንም ሰድቦ ብቻውን ሽቅብ ወጣ።

ኑሪያ ትከሻዋን ይዛ ተነሳች። ትል ፈልጋ መንጠቆው ላይ ሰካችና ክሩን ወረወረች። ለወንድሟ እንኳ ያልነገረችውን የሪያዱን ቤት ነገር፣ ዓይኗን ከውሃው ሳታነሳ ለደምሴ ነገረችው፤ የተነጠቀችውን ፓስፖርት፣ ሁልጊዜ የሚቆለፈውን በር።

«ማን ከፈተልሽ?» አለ ደምሴ።

«ማንም። ከሁለተኛ ፎቅ ዘለልኩ።»

ክሩ ተወጠረ። ኑሪያ ሁለት ጊዜ ወደ ውሃው ተንሸራተተች፤ በመጨረሻ ክንድ የሚያህል ዓሣ ሣሩ ላይ ተንፈራገጠ። ፋንታው ሳቁ። የአስታ ጭራሮ አንድደው ጠበሱት፤ ብርብራውን ከውሃው ርቀው ቀበሩት።

ሲወርዱ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ወደ መተማ በሚያወጣው በቀኙ በኩል፣ ራቅ ብሎ፣ ይሻው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ደምሴ ብዙ ቆሞ አየው።

«መንጠቆውን ታውሺኛለሽ?» አለ በመጨረሻ።

ኑሪያ ክሩን ጠቅልላ ሰጠችው።

«ማክሰኞ ሐይቁ ላይ ትመልስልኛለህ።»