በሻይ የተነከረው ሸራ

በ1973 ዓ.ም. የቴሌቪዥን ቡድን የወደብ ሠራተኞችን የዘፈን ውድድር ሊቀርጽ በአውሮፕላን አሰብ ገባ። ከቡድኑ መድረኩን የሚያዘጋጀው የደሴው ልጅ ዓብዱልመጂድ ነበር። ያገኘው ግን ባዶ አዳራሽና ከሁለት ጣሳ ቀለም የማያልፍ በጀት ነው። መድረኩ እስከ ቅዳሜ ካልደረሰ ቀረጻው እንደሚሰረዝም ተነገረው።

ጨንቆት በወደቡ መጋዘን በኩል ሲያልፍ አንዲት ወጣት በጭነት ሣጥኖች ላይ አድራሻ ስትጽፍ አየ። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ፊደሎቿም እንደ ኅትመት የጠሩ ናቸው። ስሟ ዙሌይኻ ነበር።

«እህቴ፣ የዝግጅቱን ርዕስ ብትጽፊልኝ?» አላት።

«በቀይ ላድርገው?»

«ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀዩ ይጠቁራል።»

«እንግዲያው በጥቁር ካርቶን ላይ በነጭ እጽፋለሁ። ለመድረኩ ጀርባስ ምን አለህ?»

«ምንም።»

በማግስቱ ከባሕር ዳር መንደሯ ከበይሉል የአባቷን የሐማዱን የጀልባ ሸራ ተውሳ መጣች።

እሱ ከአሮጌ ሣጥን ጣውላ ወለሉን ሲሠራ እሷ የሸራውን ቀዳዳ ሰፋች። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሁለቱም ሥራ እንደበዛበት ሰው ያቀረቅራሉ። የሸራው ንጣት ግን በመብራቱ እያንጸባረቀ ካሜራውን አስቸገረ። መላ ሲጠፋ በበርሜል ሻይ አፍልተው ነከሩት።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሐማዱ መጣ።

«ሸራዬን ሻይ አጠጣችሁት?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ዓብዱልመጂድ።

«የእኔ ነው፣ አባ» አለች ዙሌይኻ እኩል።

አባትየው ሁለቱንም አፈራርቆ አየ። «ቀረጻው ይለቅ። ከዚያ ሸራዬም ልጄም ወደ ቤታቸው ይገባሉ። አንተም በአውሮፕላንህ ትሄዳለህ።»

ቅዳሜ መብራቱ ሲበራ ሸራው ጎሕ ሲቀድ የሚታይ ባሕር መሰለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሐማዱን ከትንሿ የመቆጣጠሪያ ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጡት። በመጨረሻ የዝግጅቱ ሠራተኞች ስም የተጻፈባቸው ካርቶኖች አንድ በአንድ አለፉ። ሁሉንም የጻፈችው ዙሌይኻ ነበረች፤ የመጨረሻውን ግን ሳትሰማ ዓብዱልመጂድ ጽፎት ኖሯል።

ሐማዱ አማርኛ ማንበብ አይችልም። «ይሄ ምን ይላል?» ሲል አጠገቡ የተቀመጠውን ጠየቀ።

«ፊደልና መድረክ፦ ዙሌይኻ ሐማዱ።»

«እስቲ ድገመው።»

ተደገመለት። ሐማዱ ዓይኑን በትከሻው ፎጣ ጫፍ ጠረገ። ዙሌይኻ ከካሜራው ጀርባ ቆማ ዓብዱልመጂድን ታየው ነበር፤ በዚህ ጊዜ አላቀረቀረችም።

ዓብዱልመጂድ ወደ ሐማዱ ቀረበ። «አባ፣ ከፈቀዱልኝ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ከደሴ እዚህ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ ሐማዱ።

በወሩ ሽማግሌዎቹ በጭነት መኪና ተሳፍረው አቧራ ለብሰው ደረሱ። ሐማዱ መንገድ ወጥቶ ተቀበላቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ሊጀምር ሲል ሐማዱ እጁን ያዘው።

«ሰጥቻለሁ» አለው። «አሁን ግቡና ታጠቡ።»