መጋዝና የዛፎቹ ድምፅ

በአንድ የዛፍ ማዳቀያ ጣቢያ ውስጥ ሰው ሁሉ «መጋዝ» እያለ የሚጠራው ረጋ ያለ ወጣት ነበር። ሥራው ዛፍ ቆርጦ፣ ጣውላውን እስኪሰበር ተጭኖ ጥንካሬውን መለካት ነው። ክፋቱ፣ ጎበዙ ዛፍ የሚታወቀው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነበር።

አዲሷ ተመራማሪ ታዲያ ዛፉን ሳይጎዳ እንጨቱን የሚመረምር መሣሪያ ይዛ መጣች። ሁለት ዘንጎች ግንዱ ላይ ይሰካሉ፤ አንዱ በመዶሻ ሲመታ ድምፁ ወደ ሌላው ይሮጣል። ቶሎ ከደረሰ እንጨቱ ጠንካራ ነው። መሣሪያው እንደማይዋሽ ለማረጋገጥ ግን እሷ ከለካቻቸው ዛፎች ጥቂቱን እሱ ቆርጦ መስበር ነበረበት። ስለዚህ አብረው ከረሙ።

አንድ ብርዳማ ጠዋት ጃኬቱን አውልቆ ደረበላት። ልታመሰግነው ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ የመሣሪያውን ቁጥር ያየ አልነበረም። ዘንጉን ደግመው መቱት። አሁንም ያየ አልነበረም። ከዚያን ቀን ወዲህ አንቱ መባባሉ ቀረ።

መሣሪያው ሠራ። አለቃቸው ደስ ብሏቸው የመጨረሻው ውጤት ለዋናው መሥሪያ ቤት ሲላክ የቆረጣው ክፍል እንደሚዘጋ፣ መጋዝም ሩቅ ወዳለ የእንጨት መሰንጠቂያ እንደሚዛወር ነገሯት። ውጤቱን ዛሬ ነገ እያለች ያዘችው፤ እሱንም መሸሽ ጀመረች።

እሱ ሰልችቻታለሁ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ። የዝውውሩን ወሬ ሲሰማ ግን ቢሮዋ ገባ።

«በእኔ ምክንያት ነው የያዝሽው?»

«ከላክሁት ትሄዳለህ።»

«ካልላክሽው ደግሞ እነዚያን ዛፎች መቁረጤን እቀጥላለሁ። አንቺም ዓይኔን ማየት ያቅትሻል።»

«አንተን ማጣት ፈርቼ ነው» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

«እኔ የትም ብሄድ መንገድ አለው» አለ ቀስ ብሎ።

ውጤቱን በዚያው ቀን ላከችው። እሱም ሄደ።

በመጀመሪያው እሑድ እሷ ልትጠይቀው ሄዳ ከአውቶቡስ ስትወርድ ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ እንዳለ ቆሞ ጠበቃት። ብቻውን አልነበረም። እናቱ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰው ሊጠይቅሽ ፈልጎ አፉ ቢተሳሰርበት እኔን አምጥቶ ገተረኝ። ታገቢዋለሽ ወይ?»

መጋዝ መሬት መሬቱን አየ። እሷ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ እንባ ሊሄድባት ሲል የሴትዮዋን እጅ ያዘች።

«አገባዋለሁ፣ እማማ።»