የሶስናን ጉልበት ማን ወሰደው?

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ ሶስና የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለች።

ሶስና ነገር አይታ ዝም አትልም። አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ በሌላው አተኩራ ታያለች።

ከዚያ ቀስ ብላ «እጠረጥራለሁ» ትላለች።

ዝናብ ሳይዘንብ ደጁ ረጥቦ ካየች፣ «እጠረጥራለሁ።» ድመቷ ምሳ ሳትበላ ጠግባ ከተኛች፣ «እጠረጥራለሁ።»

አንድ ዓርብ ጠዋት እናቷ የተቀቀለ ስኳር ድንች ከድስት አውጥታ ሳህን ላይ አስቀመጠችላት። እንፋሎቱ ወደ ላይ ይትጎለጎላል።

ሶስና ስኳር ድንቹን አየችው። ልጣጩ አፈር ይመስላል፤ ጫፉ እንደ አይጥ ጭራ ቀጥኗል።

አንድ ዓይኗን ጨፈነች። በሌላው አየችው። «እጠረጥራለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምትጠረጥሪው? ድንች እኮ ነው» አለች እናቷ። «ብዪ የኔ ልጅ፤ እኔም ረፍዶብኛል።»

ሶስና ሳህኑን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ገፋ። ገፋ። ሳህኑ ጠረጴዛው ጫፍ ደረሰ።

ሻይ ቀዳች። አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረች። ኪል ኪል ኪል አድርጋ አማሰለችው።

አራት ብስኩት በላች። ቀይ ከረሜላ ደግሞ ጉንጯ ውስጥ ወተፈች።

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ወጣች። ዱብ ዱብ ዱብ! መንገዱን ሙሉ እየዘለለች ሄደች።

ዓርብ ዓርብ የአንደኛ ክፍል ልጆች ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ይወጣሉ። ከአናቱ ላይ ሁለት ሐይቆች አንድ ላይ ይታያሉ፤ አንዱ አባያ፣ አንዱ ጫሞ።

የክፍሉ ልጆች በሙሉ ሁለቱን ሐይቆች አይተዋል። ያላየችው ሶስና ብቻ ናት።

«ዛሬ ግን አያለሁ» አለች ሶስና። ከሁሉም ቀድማ ከፊት ሆነች።

ልጆቹ መውጣት ጀመሩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር ይጮኻል።

ኮረብታው ወገብ ላይ አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ አለ። ሶስና እዚያ ስትደርስ እግሯ ከበደ፤ ዓይኗ ቡዝዝ አለ።

ጉልበቷ እልም አለ። ሾላው ሥር ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«እንደ ባለፈው ደከመሽ?» አለች መምህሯ፣ ቲቸር ምሕረት። ግንባሯን ዳበሰቻት። «በይ እዚሁ ከጋሽ ባሳ ጋር ጠብቂን።»

ጋሽ ባሳ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው። ከልጆቹ ኋላ ኋላ ይሄዳሉ፤ ዱላቸውን ተደግፈው አጠገቧ ቁጭ አሉ።

ሌሎቹ ልጆች ወጡ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ድምፃቸው ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ።

ሶስና ከንፈሯን ነከሰች። ማልቀስ አልፈለገችም፤ እንባዋ ግን አልሰማትም።

ልጆቹ ሲመለሱ ካሌብ እየሮጠ መጣ። ካሌብ ጎረቤቷ ነው፤ ክፍል ውስጥም አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

«አባያ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል» አላት። «ጫሞ ግን ሰማያዊ ነው። ጎን ለጎን ናቸው።»

ጎን ለጎን ሆነው እንዴት መልካቸው ይለያያል? ሶስና አንድ ዓይኗን ጨፈነች። «እጠረጥራለሁ» አለች።

ወደ ቤት ስትመለስ ግን ሌላ ነገር ነበር የምታስበው። ጠዋት ያን ሁሉ ስዘል ጉልበት ነበረኝ፤ ታዲያ የት ሄደ?

«የሆነ ሰው ወስዶብኛል» አለች።

በመጀመሪያ ቦርሳዋን ጠረጠረች። ዘቅዝቃ አራገፈችው፤ ደብተር፣ እርሳስ፣ አንድ ካልሲ ወደቀ። ጉልበት የለም።

ቀጥሎ ጫማዋን ጠረጠረች። ጧ ጧ አድርጋ መታችው፤ ከውስጡ አንዲት ጠጠር ብቻ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ባሳን በር ላይ አገኘቻቸው። «ጋሽ ባሳ፣ ጉልበቴን አይተዋል?»

«የራሴንም ፈልጌ ካጣሁት ቆየሁ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ባሳ።

ሶስና አተኩራ አየቻቸው። እውነታቸውን ነው። እሳቸው አልወሰዱም።

በእረፍት ሰዓት ልጆች ግቢው ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወቱ ነበር። ካሌብ በአንድ እግሩ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ እስከ መጨረሻው ደረሰ።

ሶስናም ጀመረች። ጠብ፣ ጠብ፣ እና ጉልበቷ እልም አለ።

ካሌብን አየችው። እሱ አልደከመውም። ሁልጊዜ አጠገቧ የሚቀመጠውም እሱ ነው።

አንድ ዓይኗን ጨፈነች። በሌላው አየችው። «ካሌብ፣ ጉልበቴን መልስልኝ» አለችው።

«የምን ጉልበት?»

«የወሰድክብኝን። እኔ ሲያልቅብኝ አንተ ለምን አያልቅብህም?»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው ካሌብን አዩት። የካሌብ ጆሮ ቀላ።

ክፍል ሲገቡ ደብተሩን ሰበሰበና ወደ ኋላ ዴስክ ሄደ። ከሶስና አጠገብ ያለው ቦታ ባዶውን ቀረ።

ሶስና ባዶውን ቦታ በእጇ ነካችው። ቀዝቃዛ ነበር።

ማክሰኞ በማለዳ ሶስና ቁርሷን ሳትበላ ከቤት ወጣች። ወደ ካሌብ ቤት አጥር ሄደችና በቀዳዳው አጮለቀች።

ጉልበቴን የት እንደሚደብቀው ዛሬ አያለሁ ብላ ነው።

ካሌብ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። እናቱ እትዬ አስካለ ሳህን አቀረቡለት። እፍ፣ እፍ አለና ጎረስ፣ ጎረስ አደረገ።

ሶስና በደንብ ልታይ ጠጋ አለች። አጥሩ ሲጥ አለ።

«እማ፣ ሶስና በቀዳዳ እያየችን ነው» አለ ካሌብ።

«ሰው የሚገባው በበር ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «ነይ ግቢ፣ የኔ እመቤት።»

ሶስና አንገቷን ደፍታ ገባች። «ምን ፈልገሽ ነው?» ብለው ጠየቋት።

ሶስና መዋሸት አትወድም። «ካሌብ ጉልበቴን የት እንደደበቀው ለማየት ነው» አለች።

ካሌብ ብድግ አለ። ሁለቱን ኪሶቹን ወደ ውጭ ገለበጣቸው፤ አንዲት ብይ ዱብ ብላ ተንከባለለች።

«ይኸው፣ ፈትሺኝ» አለ።

ሌላ ምንም የለም። ሶስና ፊቷን ትኩስ ትኩስ አላት።

እትዬ አስካለ አልተቆጡም። «እስኪ ንገሪኝ፣ ሶስናዬ። ጠዋት ጠዋት ምንድን ነው የምትበዪው?»

«ሻይ። ሦስት ስኳር። አራት ብስኩት። ከረሜላ።»

«እና ስትወጪ ትዘያለሽ?»

«አዎ። ዱብ ዱብ ዱብ።»

«በእረፍት ሰዓትስ?»

«እልም» አለች ሶስና።

እትዬ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስኳር ሮጦ ይመጣል፤ ሮጦ ይሄዳል። ለትንሽ ጊዜ ያስዘልልሽና ትቶሽ ይሄዳል።»

«ድንችና በቆሎ፣ ቂጣና ገንፎ ግን አይቸኩሉም። ሆድ ውስጥ ተደላድለው ጉልበት ይሰጡሻል፤ ትንሽ በትንሽ፣ ትንሽ በትንሽ።»

ከዚያ ሳህኑን ወደ እሷ አስጠጉት። ሳህኑ ላይ ያለው ስኳር ድንች ነበር።

ሶስና ወዲያው አንድ ዓይኗን ጨፈነች። «ስሙ ራሱ ስኳር ነው። እጠረጥራለሁ።»

«ስሙ ስኳር የሆነው ስለሚጣፍጥ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «ሥራው ግን የድንች ነው።»

ሶስና ጥፍሯን የምታክል ቆርሳ ቀመሰች። አኘከች። አሰበች።

እጇን የምታክል ቆረሰች። አኘከች። ማሰቡን ተወችው።

ያን ቀን ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ብዙ አልዘለለችም። በእረፍት ሰዓት ግን ጥጓን ይዛ ጉልበቷ እልም እስኪል ጠበቀች።

ጠበቀች። ጠበቀች። ደወሉ ተደወለ፤ ጉልበቷ ግን የትም አልሄደም።

ሶስና ይህንንም ጠረጠረች። አንድ ቀን ብቻ አይታ የምታምን ልጅ አይደለችም።

ረቡዕ ሆን ብላ ሻዩን በሦስት ስኳር ጠጣች፤ አራቱን ብስኩት፣ ከረሜላውንም በላች። ዱብ ዱብ ዱብ! በእረፍት ሰዓት እልም።

ሐሙስ ቂጣ በወተት በላች። ትንሽ በትንሽ፣ ትንሽ በትንሽ፣ ጉልበቷ እስከ ምሳ ድረስ አብሯት ቆየ።

አሁን ሶስና አወቀች። ጉልበቷን የወሰደ ሰው የለም።

ክፍል ውስጥ ተነስታ ወደ ኋላ ዴስክ ሄደች። ካሌብ ቀና ብሎ አላያትም።

«አንተ አልነበርክም» አለችው። «ሰው ፊት ወስደሃል አልኩህ። ይቅርታ።»

ካሌብ እርሳሱን አሽከረከረ። አንዴ አሽከረከረ። ሁለቴ አሽከረከረ።

«ሌላ ጊዜ መጀመሪያ ትጠይቂኛለሽ?» አላት።

«እጠይቅሃለሁ።»

ካሌብ ደብተሩን አነሳና አብሯት ወደ ፊት ሄደ። «ትንሽ ጠጋ በይ» አለ። ሶስና ጠጋ አለችለት።

ዓርብ ጠዋት ሶስና እናቷን ስኳር ድንች እንድትቀቅልላት ለመነቻት። በዚህ ጊዜ አንድ ዓይኗን የጨፈነችው እናቷ ነበረች።

«ምን ሆነሽ ነው? እጠረጥራለሁ» አለች እናቷ። ግን ቀቀለችላት።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ልጆቹ ኮረብታውን መውጣት ጀመሩ። ሶስና ዛሬ ከፊት አልሆነችም፤ መሐል ሆና ከካሌብ ጎን ሄደች።

ሾላው ጋ ደረሱ። ጋሽ ባሳ እንደ ልማዳቸው ሊቀመጡ ዱላቸውን አስደገፉ።

«እዚህ እንቁም፣ ልጄ?»

«ቆይ፣ ጋሽ ባሳ» አለች ሶስና። ቆማ እግሯን አዳመጠች።

ጉልበቷ እዚያው ነው። ከዛፉ በላይ ያለው መንገድ ግን ቀጥ ያለ አቀበት ነው፤ ሄዳበት አታውቅም።

አንድ እርምጃ ወጣች። ሌላ ወጣች። ላቧ በአፍንጫዋ ወረደ።

«ትንሽ በትንሽ» አለ ካሌብ።

«ትንሽ በትንሽ» አለች ሶስና።

ከኋላቸው ጋሽ ባሳም እየተነፈሱ፣ «ትንሽ በትንሽ» አሉ።

ከዚያ መንገዱ አለቀ። ከላይ ሰማይ፣ ከታች ውኃ ብቻ ሆነ።

በዚህ በኩል አባያ፣ ወተት እንደገባበት ሻይ። በዚያ በኩል ጫሞ፣ ሰማያዊ።

ሶስና ሁለቱንም ዓይኖቿን ከፍታ አየች፣ አየች፣ አየች።

ማታ እናቷ ብርድ ልብስ አለበሰቻት። ሶስና ስለ ሐይቆቹ እያወራች ነበር፤ ከራት ጀምሮ አላቆመችም።

«እኔ እኮ እዚህ ከተማ ተወልጄ ሁለቱን አንድ ላይ አይቼ አላውቅም» አለች እናቷ። «ሥራ፣ ሥራ፣ ሥራ ሆነና ሳልወጣ ቀረሁ።»

ሶስና ከትራሷ ቀና አለች። «ጠዋት ጠዋት ምንድን ነው የምትበዪው?»

እናቷ ትንሽ አፈረች። «ሻይ።»

«ሻይ ብቻ?»

«ሻይ ብቻ። እየሮጥኩ።»

«ነገ ቅዳሜ ነው» አለች ሶስና። «ቁጭ ብለሽ ከእኔ ጋር ድንች ትበያለሽ። ከዚያ እጅሽን ይዤ አወጣሻለሁ።»

እናቷ ሳቀችና አጠገቧ ጋደም አለች። «ሾላው ጋ ቢደክመኝስ?»

«እጠብቅሻለሁ» አለች ሶስና። አዛጋች፤ እናቷ አንገት ሥር ገባችና እንቅልፍ ወሰዳት።