ባትሪውን የበላው

«አጎት» ዕቃውን በባንኮኒው ላይ ገፋ አደረገለት። አንዲት ሪሌ ናት፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከነካርቶኗ፣ ክብሪት የምታክል።

«ሰሚው አርጅቷል» አለ፣ የመለዋወጫ ሻጭ መስሎ ደረሰኝ እየጻፈ። «የቀዳበትን ካርድ አውጥተህ አምጣልኝ። በእሱ ፋንታ ይህችን አዲስ ሰሚ እዚያው ሬዲዮው ጀርባ ግጠማት። መኪናው ዛሬ ይመጣል።»

«በምን አወቁ?»

«ባትሪው ያልቃል። ሂድ።»

ሄደ።

የምስጢር ስሙ «ሽቦ» ነው። ጋራዡ ውስጥ «ዝምተኛው» ይሉታል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ የለም። ሁለት ዓመት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሆኖ የኖረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከስለላ መሥሪያ ቤታቸው ምስጢር እየሰረቀ ለአንድ ባለሀብት የሚያቀብለውን ሰው ለማወቅ። በባለሀብቱ ጥቁር መኪና ውስጥ፣ ሬዲዮው ጀርባ፣ ድምፅ የሚቀዳ ሰሚ ቀብሯል። ካርዱን እያወጣ ሳይሰማ ለአለቃው ለአጎት ያስረክባል። ደንቡ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ይፈራ ነበር። አሁን መፍራቱም፣ ደስ መሰኘቱም ተራ በተራ ትተውት ሄደዋል። አልናፈቁትም።

ጥቁሩ መኪና እየተገፋ ጋራዡ ገባ። ሽማግሌው ሾፌር ወገቡን ይዞ ወረደ።

«ልጄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለኝ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ እሱንም በላው። ጌታዬን ደግሞ በአሥር ሰዓት ማድረስ አለብኝ።»

«ምን እንደሚበላው ሳናውቅ ባትሪ መቀየር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፣ ጋሼ።»

ሰዓቱን ፈታ። ብረት ያደረገ እጅ ባትሪ አይነካም። መጀመሪያ ኔጌቲቩን ነቀለ፣ ከዚያ ፖዘቲቩን፤ የጋራዡን ሙሉ ባትሪ አስገባ። ፖዘቲቩን አሰረ። በኔጌቲቩና በገመዱ መካከል የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ አስገብቶ ኮፈኖውን ክፍት ተወው።

«በር አይክፈቱ፣ ቁልፉንም ያርቁት። መኪናው እስኪተኛ፣ ኤሌክትሪኩ ሁሉ ጸጥ እስኪል፣ ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን።»

«መኪናም ይተኛል?»

«ከእኔና ከእርስዎ ይሻላል።»

ሽማግሌው ሳቀ። ሽቦ አልሳቀም፤ ቀልዱን ግን ራሱ ነበር ያመጣው።

ግማሹን ሰዓት ሥራ ፈትቶ መቆም አልሆነለትም። ሪሌዋን አውጥቶ በሌላ ቴስተር ለካት። ሰላይ የተሰጠውን አይከፍትም፤ ኤሌክትሪሺያን ግን ያልለካውን አይገጥምም። ሁለት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው፤ የሐሰቱ ሙያ የእውነቱን በልጦት ነበር።

ሪሌ ጥቅል ሽቦ ሊኖራት ይገባል። ይህች የላትም። ድምፅ የምትቀዳበት ነገርም የላትም። ያላት፣ ከሩቅ ትእዛዝ የምትቀበል ማብሪያ ብቻ።

መኪናው ተኛ። ቴስተሩ ሦስት አምፔር አነበበ። የተኛ መኪና የዚህን አንድ ሠላሳኛ እንኳ አይበላም።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀለ። የሬዲዮው ሲነቀል ቁጥሩ ለአመል ያህል ወረደ።

ይህ የእኔ ሰሚ ነው፣ አለ በሆዱ።

የመጨረሻው ፊውዝ ወጣ። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ የሚበላው ነገር በፊውዝ አላለፈም፤ ከባትሪው በቀጥታ ተጎትቷል። ኔጌቲቩን ነቀለና በባትሪ መብራት ገመዱን ተከተለ። አንድ ቀይ ሽቦ ምንጣፉ ሥር ገብቷል። አንዱ ቅርንጫፉ ወደ ሬዲዮው ጀርባ ሄዶ ምንም ሳይነካ ቆሟል፤ ሪሌ የሚጠብቅ ነው። ሌላው ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ገባ።

ባትሪውን የበላው ፈንጂ ነበር።

እጁን መለሰ። ባትሪው ሦስት ጊዜ ሲሞት ያልፈነዳ ነገር፣ ካልተነካ አሁንም አይፈነዳም። ለመፈንዳት የጎደለው ኪሱ ውስጥ ያለችው ሪሌ ብቻ ናት።

ከሰሚው ካርዱን አውጥቶ መጸዳጃ ቤት ገባ። በስልኩ ሰማው።

«ሌላ የምስጢር ዝርዝር ካላመጣህ ስምህን አወጣዋለሁ» አለ ባለሀብቱ።

«ይመጣል። አይቸኩሉ» አለ ከኋላ ወንበር ሌላ ሰው። «ስለ ሽቦም አይስጉ። የሰጠሁትን ይገጥማል፣ አይጠይቅም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሽቦ ግን ስለ ራሱ በገዛ ጆሮው ሰማ። ድምፁ የአጎት ነበር፤ የሚፈልጉት ሌባ አለቃው ራሱ ነው፣ ፈንጂውም የባለሀብቱን አፍ ለመዝጋት። ካርዱ ተመልሶ እጁ ስለሚገባ ሳይሳቀቅ ነበር የሚያወራው።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ለአደጋ ጊዜ በተሰጠው ቁጥር ደወለ። አምስት ቃል ተናግሮ ዘጋ። ከዚያ ጋራዡን አስለቀቀ፤ ሾፌሩን ወደ ውጭ ወሰደው።

«ጋሼ፣ መቀመጫዎ ሥር ፈንጂ አለ። ማንም እንዳይነካው። ፖሊስ ይጥሩ።»

ሽማግሌው ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ቁልፉ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም» አለ። «ፈንጂውን አኖረው የምባለው እኔ ነኝ።»

«መካኒኩ ነው ያገኘው ይበሉ።»

«ትመሰክርልኛለህ?»

«እመሰክራለሁ።»

ሲናገር ከልቡ ነበር።

አጎት መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ፣ ባንኮኒው ጋ፣ እየጠበቀ ነበር።

«ገጠምካት?»

ሽቦ ሪሌዋን ፊቱ አስቀመጠለት።

«ለካኋት።»

«አዲስ ዕቃ ትለካለህ እንዴ?»

«መካኒክ አዲስ ዕቃ አያምንም።»

የአጎት ቀኝ እጅ ከባንኮኒው በታች ወረደ።

«ካርዱስ?»

«ሰጠሁት።»

«ለማን?»

በሩ ተከፈተ። ከመሥሪያ ቤታቸው ሁለት ሰዎች ገቡ። አጎት ባዶ እጁን ቀስ አድርጎ አወጣ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ መስኮት በሌለው ቢሮ፣ አዲሷ አለቃው አንድ ፖስታ አቀበለችው። አዲስ መታወቂያ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ ሙያ፤ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ።

«ተልዕኮው ተጠናቋል» አለች። «ጥሩ ሠርተሃል።»

«ሾፌሩስ?»

«ታስሯል። ፖሊስ የያዘው ቁልፉ በእጁ የነበረውን ሰው ነው። የሚፈልገው ደግሞ የጠፋውን መካኒክ።»

«እሱ የለበትም። እኔ እመሰክራለሁ።»

«ማን ሆነህ?»

አዲሱ መታወቂያ ላይ ያለውን የማያውቀውን ስም አየ።

«ከመሰከርክ እነማን እንደላኩህ ትናገራለህ። ያ አይሆንም። ፈርም።»

ማዘን እንዳለበት ያውቅ ነበር። ፈንጂውን እንደፈለገው ሐዘኑንም ውስጡ ፈለገው። አጣው። ፈረመ።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሻንጣውን ይዞ ቆመ። ምሳ ዕቃ በፌስታል ያንጠለጠለች ሴት ጠጋ አለችው።

«ወንድሜ፣ ወደ ማረሚያ ቤት የሚሄደው የትኛው ነው?»

የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ በጋራዡ ደጅ ሲያልፍ አይቶታል።

«አላውቅም» አላት። «ለአገሩ እንግዳ ነኝ።»