ሊስትን የካደልኝ ሰው

መጀመሪያ ያየኝ ቀን ሰላምታ እንኳን አልሰጠኝም። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ አምቦ መምህርት ነኝ። ከአንድ ባላባት ቤት የተወረሰ ፒያኖ በቀበሌያችን አዳራሽ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርኩትን የሾፓንን ሙዚቃ እጫወትበታለሁ። አንድ ቀን ከኋላዬ የወንድ ድምፅ ሰማሁ።

«የሾፓን ባላድ ቆንጆ ነው። ግን በዚያ ዘመን ለፒያኖ ብቻ ከተጻፈው ሁሉ የሊስት ሶናታ ይበልጣል።»

ዞርኩ። ጉርሙ ይባላል፤ በሊስት አገር በሀንጋሪ ተምሮ፣ እዚያው ፒያኖም ለምዶ የተመለሰ የእርሻ ባለሙያ ነው።

«ማን ጠየቀህ?» አልኩት።

«ማንም» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው እየመጣ ያናድደኝ ጀመር። «ሾፓን በሁለት ገጽ ያስለቅሳል» ስለው፣ «ሊስት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ልብሽን ይዞ አይለቅም» ይለኛል። ደሜ ይፈላል። የቀረ ቀን ደግሞ የባሰ ይፈላል... ወድጄዋለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ጭቅጭቃችን የቀበሌው ሊቀመንበር ኦቦ ኤጄታ ጆሮ ደረሰ። በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ሕዝብ ፊት አቆሙን።

«ማል ጎና፣ ምን እናድርግ ጓዶች? ፒያኖው ሰው የሚያጣላ ከሆነ ለእንጭኒ ከተማ እንሰጠዋለን። ከሁለታችሁ የተሳሳተው ማነው?»

ልከራከር አፌን ስከፍት ጉርሙ ቀድሞኝ ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሾፓን ይበልጣል። ግለ ሂሴን አቀርባለሁ።»

ተጨበጨበለት። እኔ ግን በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ደጅ ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

«ውሸታም! አታምንበትም እኮ።»

«ፒያኖው ሊሄድብሽ ነው፣ ሮማነ።»

«ይሂዳ! ዛሬ በሾፓን የዋሸኸኝ ነገ በምን ትዋሸኛለህ? አዝኖልኝ የሚሸነፍ ወንድ አልፈልግም። ሁለተኛ አጠገቤ እንዳትደርስ።»

ፊቱ ጠቆረ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። በቃ አጣሁት ብዬ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ አዳራሹ ስገባ ፒያኖው ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎም አላየኝም፤ የሊስትን ሶናታ ጀመረ። ጣቶቹ ይሳሳታሉ፤ ፒያኖውም ድምፅ የማይሰጡ ቁልፎች አሉት። ቢሆንም ላብ እያጠመቀው፣ አንዲት ቦታ ሳይዘል እስከ መጨረሻው ተጫወተው። ልቤ ቅልጥ አለ። አፌ ግን እንቢ አለ።

«ሾፓን ይበልጣል» አልኩት።

የፒያኖውን ክዳን ጓ አድርጎ ዘጋው። ተቆጥቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«አይበልጥም! ፒያኖውን ከፈለጉ ይውሰዱት። አንቺም ከፈለግሽ ሂጂ። አይበልጥም!»

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«እንግዲያው» አልኩት፣ «ሽማግሌ ላክ።»