የሰነፉ ጉበት ምስክርነት

ልብስ ሰፊው የተገኘው መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ሸሚዙ እስከ ትከሻው ተገልቦ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። የሰፈሩ ሰው «ምድጃው» ይለዋል፤ ከአፉ ጭስ ጠፍቶ አያውቅማ። የሚገርመው ታዲያ ሲጋራውን እርግፍ አድርጎ ከተወ በኋላ ኒኮቲን ገደለው መባሉ ነው። ሞት እንዲህ ያለ ቀልድ አይጠፋውም።

የአስከሬን ሐኪሙ ነገሩን አላወሳሰቡትም። ደሙ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ሰው ይገድላል፤ ጉበት ኒኮቲንን ሲሰባብር የሚተርፈው ቅሪት ግን እዚህ ግባ የማይባል ነው። «ጉበቱ ለመሥራት ጊዜ አላገኘም ማለት ነው» አሉ። «መርዙን የጠጣው ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነው።» በዚያን ሰዓት የጠጣው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ያመጣለት ሻይ። ኩባያውንም ያጠበው እሱ ነው። ፖሊስ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ወንድምየው ታሰረ።

ጉዳዩን የያዙት ሽማግሌ መርማሪ ራሳቸው ሲጋራ ለማቆም ደጋግመው ምለው ደጋግመው የከዱ ሰው ናቸው። ሰሞኑን በሲጋራ ፈንታ የክብሪት እንጨት ያኝካሉ። በሟቹ መሳቢያ ውስጥ ሲጋራ ለማቆም ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የኒኮቲን ፓች ካርቶን ባዶውን ሲያገኙ፣ ሱሱን እንዲተው ትረዳው የነበረችውን ሐኪም ፍለጋ ሄዱ።

«ኪኒን እያለ ለምን ፓች አዘዝሽለት?»

«በዘረመል ምርመራው መሠረት ነው» አለች ሐኪሟ። «ምራቁን ሰጥቶን አስመረመርነው። ኒኮቲን ቶሎ የሚሰባብር ጉበት ላላቸው ሰዎች ኪኒኑ ይሻላቸዋል። እሱ ግን ሲፈጥረው ዝግ ያለ ጉበት ነው ያለው። እንዲህ ላለ ሰው ፓቹ ይበቃል፤ ያውም ትንሹ። አንዱን ሳትነቅል ሌላ እንዳትደርብ ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ።»

«ቢደርብስ?»

«ይጠራቀምበታል። መጀመሪያ ላብ፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ልብ።»

መርማሪው ክብሪቱን ከአፋቸው አወጡ። «ቀኑን ሙሉ ሲጠራቀም ቢውል፣ ደሙ ውስጥ ያለው ቅሪትስ ይበዛል?»

 «አይበዛም። ሰነፍ ጉበት ቀን ቢሰጡትም ሥራው ያው ትንሽ ነው።»

መርማሪው ከዚያ በቀጥታ ወደ ልብስ ስፌቱ ሱቅ ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ የተሰመረ፣ እጅጌ የሌለው ኮት ተዘርግቷል። የሟቹ ሚስት ደንበኞች የሚለኩበት መስታወት ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«የምርመራውን ውጤት ማን ማን ያውቅ ነበር?»

«ማን የማያውቅ አለ? ለእኔም፣ ለእህቱም፣ ለወንድሙም ነው ያወራው። ‹ጉበቴ ሰነፍ ነው አሉኝ፤ ኒኮቲን እኔ ዘንድ እንደ ክፉ እንግዳ ነው፣ አንዴ ከገባ አይወጣም› እያለ ይስቅ ነበር።»

«ጀርባው ላይ የቀላ ነገር አለ።»

«ወገቡን ስለሚያመው የወገብ ፕላስተር ይለጥፋል። እጁ አይደርስለትም፤ ሱቅ ሲገባ እህቱ ወይ ወንድሙ ይለጥፉለታል። ያን ቀን የትኛቸው እንደለጠፉለት አላውቅም።»

ታላቅ እህቱ የሱቁ ጨርቅ ቆራጭ ናት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ሁለቱን ወንድሞቿን ያሳደገች፣ በዚያው ሳታገባ የቀረች ሴት ናት። መርማሪው ከእጅጌያቸው የተመዘዘ ክር ሊቆርጡ ፊቷ ካለው መቀስ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«ይተዉት!» አለች። ወዲያው ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቆራጭ መቀሱን አያስነካም። ይሄ ደግሞ ባለጥርሱ ነው፤ የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር እንደ መጋዝ አድርጎ የሚቆርጠው።»

«ወንድሞችዎም አይነኩትም?»

«እጃቸውን እየመታሁ ነው ያሳደግኳቸው።»

«ያን ቀን ሟቹ እንዴት ነበር?»

«ከጠዋት ጀምሮ ላብ ሲያጠምቀው ነበር። በኋላ ፊቱ አመድ መሰለ። ትንሹ ደንግጦ ሻይ አመጣለት።»

«ፕላስተሩንስ ማን ለጠፈለት?»

በጣቷ የኮቱን ጨርቅ ዳበሰች። «ያን ቀን ማንም አልለጠፈለትም።»

እስር ቤት ያለው ታናሽየው ግን ሌላ ነገር ተናገረ። «እኔ ነኝ የለጠፍኩለት። ሲወድቅም አየር እንዲያገኝ ብዬ ሸሚዙን ገልቤ ፕላስተሩን የላጥኩት እኔው ነኝ። ሽንት ቤት ከተትኩት።»

«ለምን?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

«ሻዩን መርዘሃል?»

«አልመረዝኩም።»

«ዕድሜ ልክ ሊፈረድብህ እንደሚችል ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለና መሬት መሬት አየ። ለራሱ የሚዋሽ ሰው ይለፈልፋል። ይሄኛው ለሌላ ሰው ብሎ ነው የሚዋሸው ሲሉ አሰቡ መርማሪው፣ አዘኑለትም። ከዚያ አስከሬኑ ወዳለበት ተመልሰው ጀርባውን በአጉሊ መነጽር አዩ። ቅላቱ አራት ማዕዘን ነው። በውስጡ ክብ ክብ ምልክቶች ተደርድረዋል። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ግን መነጽሩ ብዙ ቆየ።

በማግስቱ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰቡ፤ ሚስትየውን፣ እህትየውን፣ ሐኪሟን፣ በካቴና የታሰረውን ታናሽ ወንድም።

«በሻዩ እንጀምር» አሉ መርማሪው። «ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ አሞት ነበር። ሻዩ የመጣው ስላመመው ነው እንጂ ሻዩ አይደለም ያሳመመው። ታዲያ ሻዩን ለምን ጠረጠርነው? ደሙ ውስጥ ቅሪቱ ትንሽ ስለሆነ። ያ የሚያስኬደው ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው ለሚሠራ ጉበት ነው። የሟቹ ሰነፍ ነው። ስለዚህ ኒኮቲኑ ከጠዋት ጀምሮ ሲገባ ውሎ ሊሆን ይችላል። በምን በኩል? በጀርባው። የፓቹ ካርቶን ባዶ ነው፤ ቆዳው ላይ ደግሞ በወገብ ፕላስተር የተሸፈኑ የብዙ ክብ ፓቾች ምልክት አለ። እሱ ሕመም ማስታገሻ የተለጠፈለት መስሎት ሲሠራ ዋለ።»

«እኔ ነኝ ብያለሁ እኮ» አለ ታናሽየው።

«ብለሃል። የወገብ ፕላስተር ከጥቅል ላይ እየተቆረጠ ነው የሚለጠፈው። ጀርባው ጨርቅ ነው፤ ይተረተራል። ልማዱ አላስችል የሚለው ሰው ግን እንዳይተረተር አድርጎ ይቆርጠዋል። የቅላቱ ጠርዝ ባለጥርስ ነው። አንተም ስትልጠው ከሥሩ ያሉትን ፓቾችም ይህንን ጠርዝም አይተሃል፤ ለዚህ ነው የጣልከው።» መርማሪው ባለጥርሱን መቀስ በመሐረብ ይዘው ወደ እሱ ገፋ አደረጉት። «አይ፣ እኔ ነኝ ካልክ ቁረጥና አሳየን።»

ታናሽየው በካቴና የታሰሩ እጆቹን ዘረጋ። እጆቹ መቀሱ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ቆሙ። ትልቅ ሰው ሆኖም እጁ ምቱን አልረሳም።

«ተወው» አለች እህቱ። «እሱ ነክቶት አያውቅም።»

 ሚስትየው ማልቀሷን አቆመች።

«ደንበኛ ፊት ‹ዓይንሽ አይረባም፣ መቀስሽን አስቀምጪ፣ የመቁረጫ ማሽን እየመጣ ነው› አለኝ። ዕድሜዬን ቆርጬ እኮ ነው እነሱን የሰፋሁት። ተናደድኩ፤ ንዴቱ ደግሞ አድሮም አልበረደልኝ። ሲጋራ ያነደደው ልብ ቆመ ቢባል ማን ይጠይቃል ብዬ ነበር። ትንሹ ይታሰራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።»

«ከታሰረ በኋላስ ለምን ዝም አሉ?»

«ነገ ይፈቱታል፣ ነገ ይፈቱታል እያልኩ» አለች።

ካቴናው ከወንድምየው እጅ ተፈትቶ ወደ እሷ ሲመጣ፣ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ መቀሱን ለወንድሟ እንድትሰጥ። መቀሱን በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ፣ በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ወንድሟ ፊት አስቀመጠችው።

«ጥርሱ እንዳይዝግ ዘይት ቀባው።»

«እትዬ» አለ እያለቀሰ፣ «እስከ መጨረሻው ዝም እል ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ለዚያ ነው የተናገርኩት።»

ወሰዷት። መርማሪው በሩ ላይ ቆመው ወደ ኋላ አዩ። ታናሽየው ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል፤ እጆቹን ግን አሁንም ከኋላው አጣምሯቸዋል።