በግድግዳው የሚታከከው በግ

«ለልጄ ብዬ የተሳልሁትን በግ አሞታል ብለህ ልትነጥቀኝ ነው?» አሉ አጎቴ እንድሪስ፣ የበጉን ገመድ ክንዳቸው ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመው። የእንስሳት ሐኪሙ ከማል ጓንቱን እንዳጠለቀ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ እንከን ያለበት በግ ለሶደቃ እንደማይሆን ከሱ ይልቅ እሳቸው እንደሚያውቁ ይነግራቸዋል። እኔ መሃል ነበርሁ፣ ከማልን ከሐይቅ ከተማ ደውዬ የጠራሁት እኔ ነኛ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፣ ጂን ታየኝ፣ የሞተ ተነሣ የሚል ሰው ስሰማ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ግጥም ስለምጽፍ ውሸት እንዴት እንደሚያምር አውቃለሁ፣ በቀላሉ አልታለልም። ይህን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት፣ እመነኝ።

የአጎቴ ልጅ ዘሀራ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ቀኑ ሳይደርስ አጥታለች፣ በሦስተኛው ስታረግዝ አጎቴ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ከሚግጠው መንጋቸው አንድ ነጭ በግ ለይተው፣ ወሯ ሲገባ ለወዳጃ አርደዋለሁ ብለው ተሳሉ። ወዳጃ ያው ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት፣ የሚመራረቅበት ነው። ታዲያ ይህ በግ ድቤ ሲመታና ሼሁ ድምፃቸውን ሲያነሡ ይንቀጠቀጣል፣ አንገቱን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ የፊት እግሮቹን ከፍ ከፍ እያደረገ ይራመዳል፣ መንደሩ በሙሉ ዱዓው ገብቶት ነው አለ፣ ወላሂ እኔም ስንኝ ጽፌለታለሁ። ቆይቶ የቤቱ ጥግ ላይ መታከክ ጀመረ፣ ጎኑ እስኪላጥ፣ የግድግዳው ጭቃ እስኪረግፍ፣ ሸክ፣ ሸክ፣ ሸክ፣ እየበላም ይከሳል። ያኔ ነው የደወልሁት።

ከማል ጀርባውን በጣቶቹ ሲያክለት በጉ ከንፈሩን እያላመጠ ተንቀጠቀጠ፣ የሐኪሙም ፊት ተለወጠ። ይህን በሽታ በመጽሐፍ እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም፣ አንጎሉ ሳይመረመር እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ ከሆነ ግን አንጎልን እንደ ስፖንጅ የሚበሳሳ፣ መድኃኒት የሌለው በሽታ ነው አለ፣ ከበግ ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም፣ መንጋ ግን ይጨርሳል። አምጪው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ትልም ቫይረስም አይደለም፣ ቅርጹ የተጣመመ ፕሮቲን ነው፣ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ እንደ ራሱ እያጣመመ ይሄዳል፣ ቢቀቅሉት አይጠፋም፣ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል አለ።

«ታዲያ በምን ይሞታል?»

«መጀመሪያስ መች ሕይወት አለውና» አለኝ።

ይህችን ስሰማ ፀጉሬ ቆመ፣ በፍርሃት እንዳይመስልህ፣ በደስታ ነው፣ ደብተሬን አውጥቼ እዚያው ጻፍኋት።

አጎቴ ገመዱን ቀስ ብለው ፈቱት። «ስለቴንስ ማን ይከፍልልኛል?» አሉ። ከማል በጉን በመርፌ ገደለው፣ ለምርመራ ጭንቅላቱን በሣጥን ይዞ ሄደ፣ የቀረውን እኔና አጎቴ ከአጥሩ ውጭ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ኖራ ነስንሰን ቀበርነው። ጭንቅላት የሌለው በግ፣ በነዚህ እጆቼ፣ ልብ በል።

በማግስቱ ሐሙስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወዳጃው በሌላ በግ ተደረገ። ቤቱ ሞልቷል፣ ድቤው ተመታ፣ ሼሁ ድምፃቸውን አነሡ፣ ከዚያ ከግድግዳው ውጭ፣ ሸክ። ከበጎቹ አንዱ ይሆናል አልሁ። ሸክ፣ ሸክ። ድቤው ሲያርፍ ያርፋል፣ ሲቀጥል ይቀጥላል፣ ከውስጥ በኩል ያለው ጭቃ የዘሀራ ትከሻ ላይ ረገፈ። ሮጬ ወጣሁ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለኔ ደረሰኝ ብዬ ልቤ እየዘለለ ነበር። ጥጉ ላይ ማንም የለም። መንጋው ከታች ሐይቁ ዳር ይታየኛል፣ ጉድጓዱም እንደደለደልነው ነው፣ የጫማችን ዱካ እንኳ አልተነካም። ጥጉ ላይ ካለው እንጨት ግን ነጭ ፀጉር ተሰክቶ ነበር፣ ነካሁት፣ ይሞቃል። ፀሐይ ነው እንዳትለኝ፣ ጥጉ ጥላ ነበር።

ስመለስ ሁሉም ያየኛል። ዘሀራ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ንፋስ ነው።»

«ንፋስ ግድግዳ ያክካል እንዴ?»

የጻፍኋት መስመር ኪሴ ውስጥ ነበረች፣ ለማንበብ እንኳ እጄ አልሄደም።

አጎቴ ተነሡ። ከማዕዘኑ ካለው ዕቃ እፍኝ ጨው ዘገኑ፣ ያንን በግ ሲጠሩት የነበረው እንደዚያ ነው፣ መዳፋቸው ላይ ጨው አድርገው።

«አባ፣ አይውጡ» አለች ዘሀራ።

«አብሽሪ፣ ልጄ» አሏት፣ «ስለቱ የኔ ነው፣ የሚፈልገውም እኔን ነው።»

ግድግዳው ሸክ አለ፣ ድቤ ሳይመታ። አጎቴ ጨው የያዘውን መዳፋቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ወጡ፣ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት።